ስለ ተጫዋች አቋም የሚደረግ ሙግት፤ ከሁርሶና ከድሬዳዋ የእግር ኳስ ታሪክ የተገኘ ማስታወሻ

ሁርሶ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ አዋሽ በሚወስደው በአሮጌው የምድር ባቡር መሥመር ላይ የምትገኝ ቆላማ ስፍራ ናት። ስሟን የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው የወታደር ማሠልጠኛውን ነው። እኛ ግን ለዚህ ጽሑፍ የመረጥናት ስለ ጦር ታሪኳ አይደለም። በዚያ ስፍራና በጎረቤቷ በድሬዳዋ ከተማ ሰዎች ስለ እግር ኳስ፣ ይልቁንም በአገሮች መካከል ስለሚደረገው ግጥሚያና ስለ ተጫዋቾች አቋም፣ እንዴት አድርገው ሲከራከሩ እንደኖሩ ለማወቅ ፈልገን ነው።

አንባቢ «ይህ ደግሞ የታሪክ ጉዳይ ነውን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ከመምህራኖቻችንም አንዳንዶቹ የኳስ ወሬ የሥራ ፈት ወሬ ነው ብለውናል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። የግጥሚያው ውጤት በመዝገብ ሰፍሯል፤ ማን ስንት እንዳገባ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ሕዝቡ ተጫዋቹን በምን ሚዛን ይመዝን እንደነበረ ግን የጻፈ የለም፤ የሚያውቁትም ሽማግሌዎች ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ሆነዋል። ከእነርሱ እንደተረዳነው በዚያ ዘመን ስለ አንድ ተጫዋች መናገር ማለት ስለሚያውቁት ሰው መመስከር ማለት ነበረ። ፋብሪካውና ባቡሩ ሲደክሙ ይህ ምስክርነት አብሮ ደከመ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በዛሬው የስፖርት ቋንቋ ተጫዋቹ በጊዜው ያለበት የችሎታና የአካል ሁኔታ «ወቅታዊ አቋም» ይባላል። በሁርሶ ያነጋገርናቸው ሽማግሌዎች ይህን አነጋገር ከሬዲዮ የሰሙት ኋላ ነው። የእነርሱ አነጋገር «እግሩ ከብዷል»፣ «ወርዷል»፣ «ዛሬ ተነሥቷል»፣ «ኳሱ እምቢ ብሎታል» የሚል ነው። ከሁሉ በላይ ግን «ስም» እና «እግር» የሚሉትን ሁለት ቃላት ያነጻጽራሉ። «በስሙ ነው የሚጫወተው» ከተባለ ተጫዋቹ ተፈርዶበታል፤ ቀድሞ ያገኘውን ዝና እየበላ ነው ማለት ነው። «በእግሩ ነው» ከተባለ ደግሞ ስሙ ባይታወቅም ዛሬ ብርቱ ነው።

ሙግቱም ሥርዓት ነበረው። በቀድሞው ጊዜ በአገራችን ሁለት ባለጉዳዮች ሲጣሉ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ዳኛ አድርገው በዛፍ ጥላ ሥር ይሟገቱ እንደነበረ፣ በችሎትም «በላ ልበልሃ» እየተባለ ነገር እንደሚሠነጠቅ አንባቢ ያውቃል። በድሬዳዋ የከሰዓት በኋላ የጫት ስብሰባ፣ እነርሱ በርጫ በሚሉት፣ የኳስ ሙግት ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንዱ ከሳሽ ይሆናል፣ አንዱ ጠበቃ፣ በዕድሜ ከፍ ያሉት ደግሞ ዳኛ። ጨዋታውን በዓይኑ ያየ ሰው ከተገኘ እርሱ እማኝ ነው፤ ይጠየቃል። አማርኛው፣ ኦሮምኛውና ሶማልኛው በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ይቀላቀላል፤ ሙግቱ ሲጋል «አቦ ተወኝ!» የምትለው የድሬዳዋ ቃል ትሰማለች፤ ነገሩ ግን አይቋረጥም።

ነገሩን በንጽጽር ለማየት ይረዳን ዘንድ ክሪኬት የሚባለውን የእንግሊዞች ጨዋታ እናንሣ። ይህ ጨዋታ በአገራችን ሥር አልሰደደም፤ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በአውስትራሊያና በካሪቢያን ደሴቶች ግን የሕዝብ ፍቅር ነው። ከሕንድ አገር የመጡ አንድ መምህራችን እንዳስረዱን፣ በክሪኬት ኳስ መቺው ያገኘው ሩጫ ሁሉ፣ ወርዋሪውም ያስወጣው ሰው ሁሉ እየተቈጠረ በመዝገብ ይገባል። ስለዚህ ሁለት ደጋፊዎች ስለ አንድ ሰው አቋም ሲጣሉ መዝገቡን ይገልጣሉ። የአውስትራሊያው ዶናልድ ብራድማን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ለመጨረሻ ጊዜ በአገሮች ግጥሚያ ሊመታ ሲገባ አራት ሩጫ ብቻ ቢያገኝ የዘመኑ ሁሉ አማካይ 100 ይሞላ ነበር፤ አንድም ሳያገኝ ወጣና አማካዩ 99.94 ሆኖ ቀረ። የክሪኬት ወዳጆች ይህችን ጥቂት ጉድለት እስከ ዛሬ ያወራሉ።

በእግር ኳስ፣ በተለይም በዚያ ዘመን በእኛ አገር፣ እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረም። ያገባው ሰው ስሙ ይጻፋል። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ እየሮጠ ኳስ የቀማው፣ ሌላውን የሸፈነው፣ ወይም በተቃራኒው ቆሞ የዋለው ግን በሰው ትዝታ ካልሆነ በቀር የትም አይገኝም። አቋሙን የሚያውቅ ያየው ሰው ብቻ ነው፤ ያላየውም ያየውን ይጠይቃል። ሙግቱ ያን ያህል የከበረው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከተማይቱ የተቈረቈረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን በመካከሉ ባሉት ዓመታት ድሬዳዋ የመሥመሩ መጨረሻና የባቡሩ ዋና የጥገና ስፍራ ሆና ቆየች። ፈረንሳዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡና ሕንዱ ከአገሬው ጋር የኖሩባት ከተማ ስለሆነች የውጭ አገር ወሬ ቶሎ ይደርስባት ነበር። ኋላም የጥጥ ፋብሪካውና የሲሚንቶ ፋብሪካው ተቋቋሙ፤ ሁለቱም የእግር ኳስ ቡድን ነበራቸው።

እነዚህ ቡድኖች የሠሩትን ዛሬ ብዙ ተማሪ አያውቀውም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1965 ባሉት ስድስት ዓመታት የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ከድሬዳዋ አልወጣም። በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የጥጥ ፋብሪካው ቡድን፣ ኮተን የሚባለው፣ ወሰደ፤ በ1961 እና በ1964 የሲሚንቶው። ይህን ስንጽፍ ከድሬዳዋ ልጆች ጉራ የተማርን እንዳይመስል፤ መዝገቡ እንደዚህ ይላል። ከአሥመራ የተነሡት፣ በአባታቸው የጣልያን ዘር ያላቸው ወንድማማቾች ሉቻኖ ቫሳሎና ኢታሎ ቫሳሎም ለኮተን ተጫውተዋል። ሉቻኖ የብሔራዊው ቡድን አምበል ነበረ።

ለጥያቄያችን ዋናው ነገር ግን ዋንጫው ራሱ አይደለም። የፋብሪካ ቡድን ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ፤ እሑድ ከሜዳ የታየው ሰው ሰኞ ጧት በፋብሪካው በር ይገባል። አንድ የቀድሞ የሽመና ሠራተኛ እንዳጫወቱን፣ በበርጫው አንድ ተጫዋች ሲነቀፍ ጠበቃው የሚያነሣው መከራከሪያ «ሌሊት ተረኛ ነበረ፤ ምን ይሩጥ?» የሚል ነበረ። ሌላው «ልጁ ታሟል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ተረኛስ አልነበረም፤ ቅዳሜ ማታ የት እንደነበረ እኔ ዐውቃለሁ» ብሎ ነገሩን ያፈርሰዋል። ይህ ሁሉ ከሜዳው ውጭ የተገኘ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን ስለ አቋም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከወዴት ይገኛል? ነቃፊውም ለነቀፋው ኀላፊ ነበረ፤ በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ከነቀፈው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛልና። ሽማግሌው ይህን ሲያስረዱን «ልጆቼ፣ ሰውን ያለ ምክንያት ወርዷል ማለት ነውር ነበረ» አሉን።

ሁርሶ ፋብሪካ አልነበራትም። የነበራት ባቡር ነው። ስለዚህ በሁርሶ የሙግቱ መልክ ተለየ፤ የሚያከራክረው ሰው በዓይን አይታይም፤ ወሬው በባቡር ይመጣል። ያነጋገርናቸው አንድ የባቡር ጡረተኛ በልጅነታቸው የአዲስ አበባው ባቡር ሲደርስ የኳስ ወሬ የሚጠይቁ ሰዎች ወደ ሐዲዱ ይወጡ እንደነበረ ነግረውናል። «ስንት ለስንት» የሚለው ጥያቄ አንድ ጊዜ ተጠይቆ ያበቃል። ከዚያ የሚከተለው መስቀለኛ ጥያቄ ነው። እገሌ በየትኛው እግሩ መታ? ኳስ ሲነጠቅ ተመልሶ ያሳድድ ነበር ወይስ እጁን ወገቡ ላይ ያደርግ ነበር? በስንተኛው ደቂቃ ደከመ? እማኙ በመልሱ ከተምታታ «አላየህም፤ ሰምተህ ነው» ተብሎ ይሰናበታል። ግጥሚያ አይተው የማያውቁ ሰዎች ስለ ግጥሚያ እንዲህ ያለ ምርመራ ማድረጋቸው አስደንቆናል።

የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ የዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። እንደሚታወቀው በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ግብፅ ኢትዮጵያን በፍጻሜው 4 ለ 0 አሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. በካይሮም እንደገና 4 ለ 0 ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ዋንጫው በአዲስ አበባ ሲደረግ ቡድናችንን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ኢትዮጵያ በቱኒዚያ 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ 4 ለ 2 አሸነፈችና ለፍጻሜው ደረሰች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ከግብፅ፣ በጊዜው የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል ከነበረችው፣ ጋር ተገናኘች። ባደዊ ለግብፅ አስቀደመ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ በ75ኛው ባደዊ እንደገና አገባ። በ84ኛው ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገና መደበኛው ጊዜ አለቀ። በተጨማሪው ጊዜ ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አገቡ፤ 4 ለ 2 ሆነ።

የባቡር ጡረተኛው ይህን ታሪክ ሲነግሩን ያሸነፈችልንን ሦስተኛይቱን ጎል ያገባው መንግሥቱ ነው አሉ። አብረዋቸው የነበሩት ሌላ ሽማግሌ «ኢታሎ ነው» ብለው ተቃወሙ፤ እኛም መዝገቡ የሚለውን ነገርን። ጡረተኛው ግን አልተረቱም። «መዝገቡ ማን እንዳገባ ይላል፤ እኔ የምላችሁ ማን እንደገላገለን ነው» አሉ። መጀመሪያ ይህን የሽማግሌ እልህ ነው ብለን ነበር ያለፍነው። ነገር ግን ደቂቃዎቹን መልሰን ስንቈጥራቸው ሐሳባቸው ገባን። ከ101ኛው እስከ 117ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ የምትመራው በአንድ ጎል ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በዚሁ ቀን ግብፅ አቻ በሆነች በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልሳ ማግባቷን ሕዝቡ አይቷል። ስለዚህ 3 ለ 2 የዕረፍት ውጤት አልነበረም። ልብ ያረፈው በአራተኛይቱ ነው፤ የሽማግሌውም ትዝታ ድሉን ያኖረው ልብ ባረፈበት ላይ ነው። መዝገቡና ትዝታው የተለያዩት ስለ ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ስለሚናገሩ ነው እንጂ አንዱ ዋሽቶ አይደለም።

መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል አግብቷል። በሁርሶ ስሙ ሲነሣ ግን አብሮ የሚነሣው የኮት ዲቯሩ ሎራን ፖኩ ነው። በየካቲት ወር 1962 ዓ.ም. በሱዳን በተደረገው ዋንጫ ኮት ዲቯር ኢትዮጵያን 6 ለ 1 ስታሸንፍ ፖኩ ብቻውን 5 አገባ። ይህን ግጥሚያ በተመለከተ ሽማግሌዎቹ እስካሁን አልተስማሙም። ግማሾቹ ፖኩ በዘመኑ የሚችለው አልነበረም ይላሉ፤ በሁለት ዋንጫዎች 14 ጎል ማግባቱንም ይጠቅሳሉ። ግማሾቹ «የእኛ ተከላካዮች በስማቸው ነበር የቆሙት» ባዮች ናቸው። ይህ ጥያቄ፣ የአጥቂው ብርታት ነው ወይስ የተከላካዩ መውረድ የሚለው፣ በየትኛውም አገር የኳስ ክርክር ሁሉ እምብርት ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ ዋንጫው ራሱ ወደ ድሬዳዋ መጣ። ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5 ቀን 1968 ዓ.ም. በተደረገው አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ አንደኛው ምድብ በአዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በድሬዳዋ ስታዲዮም ተጫወተ። የድሬዳዋው ምድብ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር ነበሩ። ዛየር በ1966 ዓ.ም. የተደረገውን ዋንጫ የወሰደች፣ ንዳዬ ሙላምባ 9 ጎል ያገባላት አገር ናት፤ በዚያው ዓመት ወደ ዓለም ዋንጫ ሄዳ ግን በዩጎዝላቪያ 9 ለ 0 ተሸንፋለች። ስለዚህ ገና ሳይጫወቱ ሙግቱ ተጀመረ፤ ዛየር የመጣችው በስሟ ነው ወይስ በእግሯ?

በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት የነበሩ አንድ ሰው ስለ ዛየር ተወራርደው እንደነበረ ነግረውናል፤ ስንት እንደተበሉ ግን ሊነግሩን አልፈቀዱም። ዛየር በናይጄሪያ 4 ለ 2፣ በሞሮኮ 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ ከሱዳን ጋር 1 ለ 1 ወጣች፤ ከአራቱም መጨረሻ ሆነች። ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፋ ምድቡን መራች፤ በአዲስ አበባ በተደረገውም የመጨረሻ ዙር ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ ዋንጫውን ወሰደች። የሞሮኮው አምበል አሕመድ ፋራስ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የ1975 የአፍሪካ ኮከብ ተብሎ የተመረጠ ስለሆነ የድሬዳዋ ሰው ስሙንም እግሩንም ባንድነት አየ። የእኛ ቡድን በአዲስ አበባው ምድብ ዩጋንዳን 2 ለ 0 ረትቶ፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፎ፣ ከግብፅ ጋር 1 ለ 1 ወጥቶ በአንድ ነጥብ ጉድለት ቀረ። ድሬዳዋዎች ግን ለስድስት ግጥሚያዎች የሌላውን አገር ኳስ ያለ ወገን ፈረዱ፤ እማኝ ሆነው የጠየቃቸውንም ሰው ሁሉ በተራቸው መለሱለት። በሁርሶ ለብዙ ወራት የተወራው ስለዚያ ነው ይላሉ።

ከዋንጫው እስከ ጦርነቱ ያለው ጊዜ አሥራ ሰባት ወር ብቻ ነው። በነሐሴ ወር 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ በር ደረሰ። የባቡሩ መሥመር ተቈረጠ። ስለዚያ ጊዜ በሁርሶም በድሬዳዋም የኳስ ነገር ጠይቀን መልስ አላገኘንም፤ የተጠየቁትም ሰዎች ወደ ሌላ ወሬ ተሻገሩ። እኛም አልገፋንባቸውም።

ከጦርነቱ በኋላ ሙግቱ ሲመለስ መሣሪያው ሬዲዮ ሆነ። በ1980 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስታሸንፍ ጨዋታውን በሬዲዮ ያስተላለፈው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ እስከ ዛሬ በሰው ጆሮ አለ። ነገር ግን አንድ ለውጥ መጣ። ሬዲዮ እማኝ ነው፣ መስቀለኛ ጥያቄ ግን አይጠየቅም። ደምሴ «ድንቅ ተጫወተ» ካለ ድንቅ ነው፤ «አላየህም» የሚለው የለም። የሁርሶ ሰው ከመርማሪነት ወደ አድማጭነት የተሻገረው በዚህ ጊዜ ይመስለናል። ባቡሩም እየደከመ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የድሬዳዋና የአዲስ አበባው አሮጌ መሥመር ሥራ አቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በሌላ ሐዲድ ይሄዳል።

የዛሬው ሙግት ከጥንቱ ይልቅ ጩኸቱ ይበዛል። በድሬዳዋ በየመንደሩ የእንግሊዝን ሊግ በቴሌቪዥን የሚያሳዩ ቤቶች አሉ። ወጣቱ የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ነው፤ በእጁ ስልክ ስለያዘ የተጫዋቹን ቅብብልና ሩጫ በቁጥር ይጠቅሳል። በዚህ ረገድ እግር ኳስ ወደ ክሪኬት ተጠግቷል ማለት ይቻላል። ማሠልጠኛ ባለበት ስፍራ ደግሞ ከየክፍለ አገሩ የሚመጣ ወጣት ስለሚገናኝ ጎንደሬው፣ ወላይታው፣ ጅማው በአንድ የእንግሊዝ ቡድን ወገን ሆኖ በሌላው ላይ ይነሣል። ይህን የምንነቅፍ አይደለንም። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ፣ አዳነ ግርማም በዛምቢያ ላይ ሲያገባ፣ በእነዚሁ ቤቶች የሆነውን ደስታ በልጅነታችን አይተናል።

የጎደለውን ግን መናገር አለብን። የዛሬው ተከራካሪ ስለ አንድ የለንደን ተጫዋች አቋም ሲፈርድ ተጫዋቹ ሌሊት ተረኛ እንደነበረ፣ ልጁ እንደታመመ አያውቅም፤ «ወርዷል» ቢለውም በማግሥቱ አይገናኘውም። ስለዚህ ይሰድበዋል። ጥንት ነውር የነበረው ዛሬ ልማድ የሆነው ሰው ስለ ከፋ አይመስለንም፤ ተነቃፊው ስለ ራቀ ነው። የገዛ ከተማው ቡድን ዛሬም በፕሬሚየር ሊጉ ይጫወታል፤ ስታዲዮሙም የሊጉን ግጥሚያዎች ያስተናግዳል። ለጥያቄያችን ይሁን ብለን አንዱን ወጣት ከድሬዳዋ ከተማ ቡድን በዚህ ወር የተሻለ አቋም ያለው ማን እንደሆነ ጠየቅነው። ሁለት ስም ጠርቶ ቆመ። ከማንቸስተር ዐሥራ አንዱንም ጠራልን።

ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ሣቁ፤ ወዲያው ግን በሌላ ነገር ተያያዙ። የ1954ቱ የሉቻኖ አቋም ይበልጣል ወይስ ለኮተን በተከታታይ ሻምፒዮን ሲሆን የነበረው? የሽመና ሠራተኛው የኋለኛው ነው አሉ፤ በየሳምንቱ ያዩት እርሳቸው ናቸውና። የባቡር ጡረተኛው በአገር ማልያ ያልተፈተነ አቋም አቋም አይባልም ብለው ተቃወሙ። እኛ እስክንነሣ ድረስ አልተፈረደም፤ አንድ ሦስተኛ ሰው፣ የሁለቱንም ዘመን ያየ እማኝ፣ ከድሬዳዋ እንዲጠራ ተስማምተው ለቅዳሜ ተቃጠሩ።